«ለሐኪም ተረት አታስተምሩት» ላሉት ዶክተር፣ ከሀዋሳ የተጻፈ ምላሽ

የሐኪሞች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሰሞኑን «ለሐኪም ተረት አታስተምሩት» የምትለዋን ጽሑፍ ሳታዩ አትቀሩም። እኔ ጋ ከተማሪም ከጓደኛም ተደጋግማ ደርሳለች፣ አንዷ የዋርዳችን ነርስ እንደውም «አንተን ነው የሚሰድቡት» ብላ ነው የላከችልኝ። የጻፉት አዳማ የሚሰሩ ነባር ሰርጀን ናቸው። ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ጉዳዬ ከጽሑፉ ጋር ነው፣ ደግሞ እውነት ለመናገር ብዕራቸው ደስ ይላል፣ ሁለት ሶስት ቦታ ላይ ሳልስቅ አላለፍኩም። እኔ ሀዋሳ ኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ) ነው የማስተምረው፣ ተማሪዎች ስለታካሚዎቻቸው እንዲጽፉና አብረን እንድናነበው ከሚወተውቱት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ስድቡ ባይደርሰኝም ነገሩ ይመለከተኛል።

እስቲ መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ርህራሄ ከእናት ጡት ጋር የሚገባ ነገር ነው፣ ሃያ ምናምን አመት የሞላውን ልጅ በሌክቸር ሩህሩህ ማድረግ አይቻልም ይላሉ። ቀጥለው ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ላይ በቀን 60 ሰው የሚያይ ሐኪም የማንንም የህይወት ታሪክ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ የለውም ይላሉ። ሶስተኛው ነጥባቸው ናሬቲቭ ሜዲስን የሚባለው፣ ሐኪም የታካሚን ታሪክ መስማትና መጻፍ እንዲማር የሚደረግበት ነገር፣ የኒውዮርክ ቅንጦት ነው፣ ጓንት በሚጠፋበት አገር አይሰራም፣ ደግሞም መተዛዘን ባህላችን ስለሆነ ፈረንጅ አያስተምረንም የሚል ነው። አራተኛ፣ ከታካሚው ጋር የሚያለቅስ ሐኪም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ይቃጠላል (በርንአውት፣ ስራው ያዝለዋል)። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈተና የማይወጣለት ነገር ትምህርት አይደለም፣ ተማሪው የሚማረው ትወና ነው፣ በዚያ ላይ የፋርማኮሎጂን ሰአት ይበላል። ያሉት ይሄ ነው፣ የቀረው ማጣፈጫ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ፣ ሪታ ቻሮን የሚባሉ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኢንተርኒስት ናቸው ናሬቲቭ ሜዲስን የሚለውን ስም ያወጡለት። ሐኪም ሆነው እየሰሩ በእንግሊዝኛ ስነጽሁፍ ፒኤችዲ ያዙ፣ ምክንያታቸው ቀላል ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምሰማው የሰው ታሪክ ከሆነ ታሪክ እንዴት እንደሚሰማ ልማር ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላም የውጭ ጥናቶቹ አመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ተማሪዎቻቸውን ከሆስፒታሉ ቻርት ጎን ሌላ ቻርት እንዲይዙ ማድረግ ጀመሩ። ሐሳቡ ይሄ ነው፣ በፕሮስቴት ካንሰር እየሞቱ ያሉት ታካሚህ ባለፈው ክረምት በዚያው በሽታ የሞቱትን አያትህን ካስታወሱህና ክፍሉ በገባህ ቁጥር እንባህ ከመጣ ይሄን የሆስፒታሉ ቻርት ላይ አትጽፈውም፣ ግን የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። በቃ ይሄ ነው። ተረት የሚባል ነገር እኔ አላየሁበትም፣ የሚጻፈው ቤድ ላይ ስለተኛው ሰው ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። ርህራሄ ከቤት ይመጣል ባሉት እስማማለሁ፣ ዋርድ የሚገቡ ልጆችን ስታዩ አብዛኞቹ ይዘውት ነው የሚመጡት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለታካሚ ውሃ የሚገዛ፣ አስታማሚ የሚያጽናና ልጅ ሞልቷል። ዶክተር ያልመለሱት ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ልጅ ኢንተርን ሲሆን «ቤድ ሰባት፣ ያ ዲኬኤው» (ዲኬኤ ኢንሱሊን ሲጎድል የሚመጣ አጣዳፊ የስኳር ችግር ነው) ማለት የሚጀምረው ማን አስተምሮት ነው? እናቱ አይደለችም መቼም። አሜሪካ ጄፈርሰን ሜዲካል ኮሌጅ መሐመድሬዛ ሆጃትና ባልደረቦቻቸው ተማሪዎችን እየተከታተሉ ለክተው በ2009 ያወጡት ጥናት አለ፣ የተማሪዎቹ ኢምፓቲ (የታካሚን ሁኔታ መረዳት) ጉልህ ሆኖ የወረደው ሶስተኛ አመት ላይ ነው፣ ማለትም በነሱ ስርአት ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ታካሚ ጋ በሚገባበት አመት። ሰው ሊረዳ የገባ ልጅ ሰው ባገኘ ጊዜ ቀነሰ! ከእናት ጡት የመጣ ነገር ዋርድ ውስጥ የሚቀንስ ከሆነ ዋርዱ እያስተማረ ነው ማለት ነው፣ ሌክቸር ባይኖረውም፣ ሲላበስ ባይኖረውም። እኛ ሲኒየሮች ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎችን አልጋ በአልጋ ስንጎበኝ፣ ታካሚው እየሰማ በእንግሊዝኛ ስለሞቱ ስናወራ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠን ሳንሸፍን ስናልፍ፣ ያ ሁሉ ክፍለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ይማር አይማር የሚለው ክርክር አልፎበታል፣ እየተማረ ያለው ነገር ይሁን ወይስ ሌላ ይሁን ነው መባል ያለበት።

በጎ በጎውስ በትምህርት ይመጣል ወይ ለሚለው ደግሞ፣ ቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሄለን ሪስ የሚባሉ ሳይካትሪስት ሬዚደንቶችን በእጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን ሶስት የአንድ አንድ ሰአት ስልጠና ሰጡ፣ ውጤቱ በ2012 ወጣ፣ የሰለጠኑትን ታካሚዎቻቸው ከበፊቱ የተሻለ ውጤት ሰጧቸው። መዛኞቹ ታካሚዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ፣ ሐኪሙ ራሱን «ሩህሩህ ነኝ» ብሎ የሞላው ፎርም አይደለም። እርግጥ ነው ሶስት ሰአት የሰጡት ነገር ከአስር አመት በኋላ ይቆያል ወይ ብትሉኝ አይቆይም ብዬ ነው የምገምተው፣ ግን ሲፒአርም (የቆመ ልብ የማስነሳት ስልጠና) እኮ ሪፍሬሸር፣ ማደሻ፣ አለው።

አሁን ጊዜ ወደሚባለው፣ ጽሑፋቸው ላይ ብዙ ላይክ ያገኘውም ይሄ ነው። 60 ሰው ያሉት ማጋነን አይደለም፣ ሰኞ ጠዋት የየትኛውንም ትልቅ ሆስፒታል ኦፒዲ ኮሪደር ያየ ሰው ያውቀዋል። ግን መስማት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚለውን በስሜት ከምንነጋገር የተለካ ነገር አለ። ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 74 ምርመራዎችን ቀድተው አዳመጡ፣ 1984 ላይ ነው የወጣው፣ ሐኪሙ ታካሚውን የሚያቋርጠው በአማካይ በ18 ሰከንድ ነው። ካላቋረጡትስ? ስዊዘርላንድ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ታካሚው ራሱ እስኪያበቃ ዝም ብለው ሰአት ያዙ፣ 335 ታካሚ፣ በ2002 ነው የታተመው፣ አማካዩ 92 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ፣ ከመቶው 78ቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላቸው ጨረሱ። አንድ ደቂቃ ተኩል! እኛ እኮ ስማርትፎናችን ላይ ከዚያ በላይ እናጠፋለን በሁለት ታካሚ መሀል።

ባዝል ሀዋሳ አይደለችም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ። የኛ አባቶች ሲጀምሩ ከሰላምታ ነው የሚጀምሩት፣ ከዚያ የልጅ ልጆች፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ አምና ክረምት የወደቁበት ጊዜ፣ ሆዳቸውን የሚያማቸው መሆኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂ፣ ከምዕራብ አርሲ ታካሚ ይመጣል፣ ተማሪው ቋንቋውን ካልቻለ አስታማሚው ነው የሚያስተረጉመው። እናቲቱ በሲዳምኛ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራሉ፣ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ፊታቸው ይለዋወጣል፣ ልጃቸው ዞር ይልና «ሆዴን ነው የምትለው» ይላል። ተማሪው «አብዶሚናል ፔይን» ብሎ ይጽፋል። ያ ሁለት ደቂቃ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ማፍራት ነው እኔ የምፈልገው፣ ለዚህ ደግሞ የተለየ ጊዜ አያስፈልግም፣ ታሪክ መጉደሉን የሚያውቅ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው።

ደግሞስ ሂስትሪ፣ ታካሚው ስለ ህመሙ የሚነግረን ታሪክ፣ ምን ያህል ዋጋ አለው? ሃምፕተን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በ1975 ባወጡት ጥናት ከ80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች የ66ቱ ዲያግኖሲስ የተገኘው ከሪፈር ወረቀቱና ከሂስትሪው ብቻ ነው፣ ፊዚካል ኤግዛሚኔሽን የቀየረው 7ቱን ነው፣ ላብራቶሪ ሌላ 7። ድሮ ነው እንዳትሉኝ አሜሪካ ውስጥ በ1992 ተመሳሳይ ነገር ሲሰራ ከ80ው 61 ወጣ። ኤምአርአይ ለማሰራት ታካሚው ሩቅ ከተማ ድረስ በሚሄድበት፣ ላብራቶሪ ሪኤጀንት አልቋል በሚባልበት አገር በእጃችን ያለው ርካሹ መሳሪያ ሂስትሪ ነው። ዶክተር ጓንት የለንም ብለው ነው ይሄ ነገር ይቅር ያሉት፣ እኔ ደግሞ ጓንት የሌለው ሰው ጆሮውን ቢጥል ምን ይቀረዋል እላለሁ።

አንድ ኬዝ ልንገራችሁ፣ መለያውን ሁሉ አውጥቼ። ወጣት ነው፣ ታይፕ ዋን ስኳር አለበት፣ በዲኬኤ ደጋግሞ ይተኛል፣ ቻርቱ ላይ በትልቁ «ዲፎልተር» (ሕክምናውን የሚያቋርጥ) ተጽፎበታል፣ እኛ ጋ ይሄ ቃል አንዴ ከተጻፈ ማንም አይጠይቅም፣ ፍሉዊድ፣ ኢንሱሊን፣ ምክር፣ ዲስቻርጅ። አንዷ ተማሪ ለጽሑፍ ብላ አንድ ቀንህን ከጠዋት እስከ ማታ ንገረኝ አለችው። ልጁ የቀን ሰራተኛ ነው፣ ስራ በተገኘበት ይሄዳል፣ ኢንሱሊኑን ውሃ ያለበት እንስራ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው (ፍሪጅ የለውም፣ ይሄኛው ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኛው ነን የምንመክረው)። ስራ ያለ ቀን ግን ምሳ መብላቱ እርግጠኛ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ተወግቶ ሄዶ ሳይበላ ስካፎልዲንግ ላይ ራሱን ሊስት ሲል ጓደኛው ነው የያዘው። ከዚያ ወዲህ ስራ ባለ ቀን አይወጋም። እንግዲህ ፍረዱ፣ ይሄ ሰው ደንታ ቢስ ነው? ከፎቅ ወድቆ ከመሞት ስኳሩ ቢጨምር ይሻለኛል ብሎ ያሰላ ሰው ነው፣ ስሌቱ ስህተት አለበት ግን ስሌት ነው። ዶዙን ከአመጋገቡ ጋር አስተካከልንለት፣ ኪሱ ውስጥ ስኳር እንዲይዝ፣ ምን ሲሰማው ቁጭ እንደሚል ተነገረው። ተማሪዋ የፈጀባት ጊዜ ሻይ ለመጠጣት የሚፈጅ ያህል ነው፣ ያንን ዲፎልተር የሚል ቃል ይዘን ደጋግመን ስናስተኛው የጠፋውን አልጋና ፍሉዊድ ዶክተር ይደምሩልኝ።

በነገራችን ላይ ጣሊያን ፓርማ ላይ 20,961 የስኳር ታካሚና 242 ሐኪም የታየበት ጥናት አለ፣ 2012 ላይ የወጣ፣ ኢምፓቲ ስኬል ላይ ከፍ ያለ ውጤት ያላቸው ሐኪሞች ታካሚዎች ላይ ሆስፒታል የሚያስተኛ አጣዳፊ የስኳር ችግር ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ አብሮ መገኘት ነው፣ አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት በቂ አይደለም፣ ያንን እቀበላለሁ። ግን «ታካሚ የሚፈልገው መድሃኒት እንጂ ወሬ አይደለም» ለሚል ሰው ቢያንስ ቆም የሚያደርግ ነገር ነው።

ቅንጦት የተባለው ላይ አንድ ነገር ቶሎ ልቀበል። ሲአርሲ ብለን የጀመርነው ነገር አለ አይደል፣ በኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ፕላን ውስጥ ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ብዙ ቦታ ግን የቀረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተርና የአበል ትዝታ ነው። ዶክተር በዚህ ቢቀልዱ መብታቸው ነው፣ እኔም እቀልዳለሁ። ደመወዙም፣ ዲዩቲው ክፍያውም፣ ሰው ሳይተኛ ሩህሩህ ሁን መባሉም ያናድዳል፣ እሱ ላይ አንከራከርም።

የፈረንጅ ነው የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ታካሚውን ትታችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ታካሚ ነው የምታክሙት ብለው አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችን ሲሞግቱ የኖሩት አብርሃም ቨርጊስ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ እዚያው ሕክምና የጀመሩና በአብዮቱ ምክንያት አቋርጠው የወጡ ሰው ናቸው፣ አሁን ስታንፎርድ ነው የሚያስተምሩት።

ባህላችን አለው ያሉት ደግሞ እውነት ነው፣ ግን ይሄ ነጥብ ለኔ ነው የሚመሰክረው። መርዶን ውሰዱ። አገራችን ላይ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ማንም ብድግ ብሎ አይናገርም። መጀመሪያ ማን ይንገር ተብሎ ይመከራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰውየው የት ነው፣ ከማን ጋር ነው፣ በልቷል ወይ፣ የልብ ህመም አለበት ወይ ይባላል፣ ጎረቤት ቀስ ብሎ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱን ይተኛ ተብሎ ማለዳ ይነገራል፣ ሲነገር የሚደግፈው ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ብቻውን አይተውም። ይሄ ስርአት ነው፣ ማንም ከእናቱ ሆድ ይዞት አልመጣም፣ ታላላቆቹን እያየ የተማረው ነው። አሁን ቤይል፣ ባክማንና ሌሎች ሐኪሞች በ2000 ያወጡትን፣ የካንሰር ሐኪሞች መጥፎ ዜና ሲናገሩ የሚከተሉትን ስፓይክስ የሚባል ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ እዩት፣ ቦታውን አዘጋጅ፣ ምን ያህል ያውቃል ጠይቅ፣ መስማት ይፈልጋል ወይ ጠይቅ፣ ከዚያ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አብራችሁ ተነጋገሩ። የኛ ሽማግሌዎች ቢያዩት አዲስ ነገር አላችሁ ወይ ይሉ ነበር።

እንግዲህ ይሄ ባህል ያለው ልጅ፣ መርዶ ሲነገር እያየ ያደገ ልጅ፣ ጋውን ሲለብስ ምን ይሆናል? ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሰው እየተጋፋ፣ ለአንድ አስታማሚ «እሱ ኮ አርፏል፣ አስከሬን ለማውጣት ወረቀቱን ያዘጋጁ» ይላል። አይቼዋለሁ፣ እናንተም አይታችኋል፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፣ ደግሞ የአንድ ሆስፒታል ችግር አይደለም። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ሰፈሩ የሚያውቀውንና ሆስፒታሉ የሚጠብቅበትን የሚያገናኝለት ሰው ስለሌለ ነው። ባህላችን አለው ከሆነ እሺ፣ ከባህላችን እናስተምር፣ እድሜ የጠገቡ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ክፍል ይምጡልን፣ ስፓይክስን ከሳቸው ቀጥሎ እናነበዋለን። እኔ ይሄ ቅንጦት ነው ብዬ አላምንም፣ ወጪው የታክሲ ነው።

ከታካሚ ጋር ማልቀስ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የታካሚው ሆድ ተከፍቶ እያለ ሰርጀኑ ቢያለቅስ እኔም አልፈልግም፣ እዚያ ላይ ዶክተር ትክክል ናቸው። ግን ማን አልቅሱ አለ? እነሆጃት ራሳቸው ኢምፓቲ የሚሉት በዋናነት የሰውየውን ሁኔታ መረዳትና መረዳትህን ማሳወቅ ነው፣ አብሮ በስሜት መስጠም ሌላ ነገር ነው ብለው ለይተውታል። መቃጠል ያሉትም ቢሆን፣ ሮቸስተር ኒውዮርክ 70 የፕራይመሪ ኬር ሐኪሞች ስለ ስራቸው ታሪክ እየጻፉና እየተነጋገሩ፣ ከማይንድፉልነስ (ልብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ) ልምምድ ጋር የተሰጠ ኮርስ ወስደው በ2009 ጃማ በሚባለው የሕክምና መጽሔት በወጣው ውጤት በርንአውታቸው ቀንሶ ኢምፓቲያቸው ጨምሯል። ኮንትሮል ግሩፕ አልነበረውም፣ ስለዚህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን «መስማት ያቃጥላል» ከሚለው ጋር የሚሄድ አይመስልም። እኔ እንደማየው ሰውን የሚያቃጥለው ያልተጻፈው፣ ለማንም ያልተነገረው ነው፣ አንድ ህጻን በእጁ የሞተበት ኢንተርን በሚቀጥለው ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ቆሞ ፖታሲየሙ ስንት ነበር ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱን ይመልሳል፣ ይቀመጣል፣ አለቀ።

ፈተና ለሚለው፣ ልክ ናቸው፣ ርህራሄን ከመቶ ማረም አስቂኝ ነው፣ የሚታረም ከሆነ እኔም ከዶክተር ጋር ተሰልፌ እቃወማለሁ። የፋርማኮሎጂ ሰአትም አይነካም፣ እኛ የምናደርገው በሳምንት አንዴ ከሞርኒንግ በኋላ አንድ ተማሪ አንድ ገጽ ያነባል፣ ሌሎቹ ምን ሰማችሁ ይባላሉ፣ ወደ ራውንድ ይሄዳሉ። ውጤት የሚሰጠው ለኬዝ ፕረዘንቴሽኑ ነው፣ እዚያ ላይ አሜሪካዊው ሳይካትሪስትና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን በ1978 ከጓደኞቻቸው ጋር ካወጧቸው ጥያቄዎች ሁለቱን አስገብቻለሁ፣ ታካሚው በሽታውን ምን አመጣው ይላል፣ በጣም የሚፈራውስ ምኑን ነው። ሳይጠይቅ የመጣ ተማሪ ኬዙን አይጨርስም፣ ተመልሶ ይጠይቃል።

ተማሪው ለማርክ ብሎ ይተውናል ላሉት፣ ይተውን። ፊቱን አሳዝኖ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ በልቡ ምሳ እያሰበ «አባቴ፣ በጣም የሚፈሩት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አባትየው ትወና መሆኑን አያውቁም፣ መልሳቸውን ይናገራሉ፣ ያ ልጅ ደግሞ መልሱን ቻርት ላይ ይጽፈዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ያነበዋል።